ላ ሉቪየር፦ የአያቶችን ሥራ ለልጅ ልጆች የምታሳይ ከተማ

የዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጄ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዞ መጣ። ወረቀቱ የቅድመ አያቶቻችሁ ሥራ ምን እንደነበር ጠይቃችሁ ጻፉ ይላል። የሚኖሩት ብራስልስ ነው፤ እኔ ልጄን ለመጠየቅ ሄጄ አብሬያቸው ሰንብቻለሁ። አንድ የክፍል ጓደኛው ቅድመ አያቱ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ እንደነበሩ ነግሮታልና እሱም የሚያወራው ፈልጓል።

“እማማ፣ ያንቺ አባት ምን ነበር የሚሠራው?” አለኝ።

“ፋብሪካ” አልኩት።

“ፋብሪካ ውስጥ ምን?”

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። አባቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በአንድ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ነው። ስንት ሰዓት ይገቡ እንደነበር፣ ምሳ ምን ይዘው ይሄዱ እንደነበር አስታውሳለሁ። በሩን አልፈው ከገቡ በኋላ ቀኑን ሙሉ እጃቸው ምን ሲሠራ እንደሚውል ግን በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም። ልጄ ፊቴን አይታ ነገሩ ገባት መሰለኝ፣ “ቅዳሜ ላ ሉቪየር እንሄዳለን፤ እዚያ የሠራተኛ ሥራ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናያለን” አለች። ይህን የምጽፈው ያን ዕለት ስላየነው ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

የተኩላዋ ከተማ

ላ ሉቪየር ከብራስልስ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ፈረንሳይኛ በሚነገርበት የቤልጅየም ክፍል የምትገኝ ከተማ ናት። ነዋሪዋ 80 ሺህ ያህል ነው። ስሟ ከተኩላ ጋር የተያያዘ ስለሆነ የከተማዋ ምልክትም እንስት ተኩላ ናት። ከጎረቤት መንደር ተለይታ ራሷን የቻለች የአስተዳደር አካባቢ የሆነችው በ1869 በመሆኑ፣ በቤልጅየም ሚዛን ገና ልጅ ከተማ ናት ማለት ይቻላል። ያሳደጓት ደግሞ ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የድንጋይ ከሰል፣ ብረትና ሸክላ።

እውነቱን ለመናገር ላ ሉቪየር ለዓይን የተሠራች ከተማ አይደለችም። እንደ ብሩዥ ያሉ ከተሞችን ያየ ሰው ከባቡር ሲወርድ “ለዚህ ነው የመጣነው?” ሊል ይችላል። እኔም በልቤ ብያለሁ። የከተማዋ ውበት እየቆየ ነው የሚገለጠው።

በመጀመሪያ ያየነው ኬራሚስ የሚባለውን የሸክላ ሙዚየም ነው። ስፍራው በ1841 የተመሠረተው የቦሽ ሸክላ ፋብሪካ የነበረበት ነው። በአንድ ዘመን ከዚህ የወጡ ሳህኖችና ሾርባ ማቅረቢያዎች የቤልጅየምን ምግብ ጠረጴዛ ሞልተው ነበር፤ ሻርል ካቶ የሚባለው ሠዓሊ ያስጌጣቸው የአበባ ማስቀመጫዎችም ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚፈልጓቸው ናቸው። ፋብሪካው በ2011 ከስሮ ተዘጋ። ሙዚየሙ የተከፈተው በ2015 ሲሆን፣ ሕንፃው የተሠራው ሦስቱን ትልልቅ ምድጃዎች አቅፎ ነው። ምድጃዎቹ ቅርጻቸው ጠርሙስ ይመስላል፤ ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ ናቸው። ሸክላው እሳትና ጭስ እንዳይነካው በሸክላ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥና ሣጥኖቹ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደረደሩ ምድጃው ይሞላል፤ ከዚያ በከሰል እሳት ይተኮሳል። ሴት የልጅ ልጄ ምድጃው ውስጥ ቆማ ወደ ላይ እያየች፣ “ይህን ሁሉ ማን ነው ተሸክሞ የደረደረው?” ብላ ጠየቀች። ለስድስት ዓመት ልጅ ጥሩ ጥያቄ ነው።

በነገራችን ላይ በከተማዋ ትልቁ በዓል የሚከበረው በእነሱ ጾም አጋማሽ፣ ከፋሲካቸው ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ዢል የሚባሉት ጨፋሪዎች ደወል ታጥቀው በእንጨት ጫማ መሬቱን እየመቱ ያልፋሉ፤ ለሕዝቡም ብርቱካን ይወረውራሉ። እኛ የሄድነው ወቅቱ ካለፈ በኋላ ስለነበር ብርቱካኑ አልደረሰንም።

ጀልባ የሚያወጡ አሳንሰሮች

ልጆቹን በጣም ያስደሰታቸው ግን ቦዩ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የዚህ አካባቢ ከሰል የሚጓጓዘው በጀልባ ነበር። ለዚህም ሁለት የወንዝ መስመሮችን የሚያገናኝ ቦይ ተቆፈረ። ችግር የሆነው 7 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን ርቀት ውስጥ መሬቱ ከ66 ሜትር በላይ ከፍ ማለቱ ነው። ያን ከፍታ እንደ ደረጃ በበር በተከፋፈለ ውኃ ለማለፍ ብዙ በሮች ያስፈልጋሉ፤ በተከፈቱ ቁጥርም ብዙ ውኃ ይፈስሳል፤ በአካባቢው ደግሞ ያን ያህል ውኃ አልነበረም።

መፍትሔው አራት የጀልባ አሳንሰሮች መሥራት ሆነ። ንድፉ የእንግሊዛዊው መሐንዲስ የኤድዊን ክላርክ ነው። የመጀመሪያው አሳንሰር በ1888 በንጉሥ ሊዮፖልድ ሁለተኛ ተመረቀ። የቀሩት ሦስቱ ሥራ የጀመሩት በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1917 ነው። የመጀመሪያው ጀልባን 15 ሜትር ከግማሽ ያህል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው 17 ሜትር ያህል ያወጣሉ። አራቱም በ1998 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

አሠራሩን ለልጆች ማስረዳት የአያት ሥራ ሆነብኝ። እያንዳንዱ አሳንሰር ውኃ የሞሉ ሁለት ትልልቅ የብረት ገንዳዎች አሉት። እያንዳንዱ ገንዳ የሚያርፈው በአንድ ግዙፍ ፒስተን ላይ ነው። ሁለቱ ፒስተኖች ያሉባቸው የውኃ በርሜሎች ከታች በቱቦ ይገናኛሉ። አንዱ ገንዳ ላይ ሲሆን ሌላው ታች ይሆናል። የላይኛው ገንዳ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ተጨማሪ ውኃ ሲሰጠው ይከብዳል፤ ሲወርድም በቱቦው ያለውን ውኃ ገፍቶ የታችኛውን ወደ ላይ ያነሳዋል። ነገሩ እንደ ሚዛን ነው። ለማንሻው ከሰል አይነድድም፣ ኤሌክትሪክም አይፈጅም።

“ጀልባው ያለበት ገንዳ አይከብድም?” ብሎ ልጁ ጠየቀ። አይከብድም። ጀልባ ወደ ገንዳው ሲገባ ልክ የራሱን ክብደት የሚያህል ውኃ ገፍቶ ያስወጣል፤ ስለዚህ ባዶም ይሁን ጀልባ የተቀመጠበት፣ ገንዳው እስከ ልኩ ከሞላ ክብደቱ አንድ ነው። እኔ ይህን በዚህ ዕድሜዬ ገና አሁን በደንብ ተረዳሁት።

ቤት ስንመለስ ደግሞ በሙያዬ አሳየኋቸው። ሁለት መርፌ የሌላቸው ስሪንጆችን በጉሉኮስ ቱቦ አገናኝቼ ውኃ ሞላኋቸው። አንዱን ስትጫኑት ሌላው ይነሳል። እናንተም በቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ ዕቃዎቹ አዲስና ንጹሕ ይሁኑ፣ አየር ውስጡ እንዳይቀር ብቻ ተጠንቀቁ። ልጆቹ ያን ምሽት እራት እስኪቀርብ ሌላ ጨዋታ አልፈለጉም።

አሮጌዎቹ አሳንሰሮች የሚያስተናግዱት 300 ቶን የሚጭኑ ጀልባዎችን ነበር። ዘመኑ ትልልቅ ጀልባዎችን ሲፈልግ አዲስ ቦይ ተቆፈረና በስትሬፒ ቲዩ አንድ ግዙፍ አሳንሰር ተሠራ። ግንባታው በ1982 ተጀምሮ ሥራ የጀመረው በ2002 ነው፤ ሃያ ዓመት ፈጅቷል። ጀልባውን በአንድ ጊዜ ከ73 ሜትር በላይ ያወጣል፤ 1,350 ቶን የሚጭን ጀልባ ይችላል። ቻይና ውስጥ በሦስቱ ሸለቆዎች ግድብ ላይ የተሠራው በ2016 እስኪበልጠው ድረስ በዓለም አንደኛ ነበር። እላዩ ወጥታችሁ ስታዩ አካባቢው ሁሉ ከሥራችሁ ይዘረጋል፤ ከሩቅ ሣር የለበሱ ሾጣጣ ኮረብቶች ይታያሉ። የተፈጥሮ ኮረብታ እንዳይመስሏችሁ፤ ከጉድጓድ የወጣ የከሰል ድንጋይ ቁልል ናቸው።

ቡዋ ዱ ሉክ፦ ኩባንያው የሠራው መንደር

ከሰዓት በኋላ የሄድነው ድንጋዩ ወደወጣበት ስፍራ ነው። ቡዋ ዱ ሉክ በላ ሉቪየር ክልል ውስጥ ያለ የከሰል ቆፋሪዎች መንደር ነው። የከሰል ኩባንያው የተመሠረተው በ1685 ነው፤ ሸሪኮቹ ገንዘብ አዋጥተው በመጀመሪያ ያስቆፈሩት ጉድጓዱን የሚሞላውን ውኃ የሚያወጣ ቦይ ነበር። ከሰሉ በ1973 እስኪቆም ድረስ ማለት ወደ ሦስት መቶ ዓመት ያህል እዚህ ሰው ከመሬት በታች ሠርቷል።

ከ1838 እስከ 1853 ድረስ ኩባንያው ለሠራተኞቹ 160 የሚሆኑ ቤቶች ሠራ። በአራት ጎራ የተከፈሉ፣ ቀጥ ባሉ መንገዶች የተለያዩ፣ ሁሉም አንድ መልክ ያላቸው የሸክላ ጡብ ቤቶች ናቸው፤ ከኋላቸው ጓሮ አለ። ቆይቶም ትምህርት ቤት፣ የምግብ መደብር፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ሆስፒታል፣ የሙዚቃ ባንድ መጫወቻ ሰገነትና የቆፋሪዎች ጠባቂ ለምትባለው ለቅድስት ባርባራ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ተጨመረ። ሰው በኩባንያው ቤት ተወልዶ፣ በኩባንያው ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በኩባንያው ጉድጓድ ሠርቶ፣ በኩባንያው መጦሪያ ሊሞት ይችል ነበር።

ይህን ስሰማ በመጀመሪያ “መታደል ነው” አልኩ። በእኔ ዘመን ስንቱ ሠራተኛ ነው ሲታመም ሆስፒታል ደጁ ላይ ያገኘ? ነገር ግን የማዕድኑን ግቢ ስታዩ ሌላው ገጽ ይገለጣል። መግቢያው ላይ ከላይ ወደ ታች እንደ ምላጭ የሚወርዱ ከባድ የብረት በሮች አሉ። የተሠሩት ሠራተኛው ሥራ አቁሞ ሲቆጣ ግቢውን ለመዝጋት ነው። የዳይሬክተሩ ቤትም የቆመው መንደሩን በሚያይበት ቦታ ነው። ከሥራ የተባረረ ሰው ደመወዙን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም ያጣል። ደግ አሳዳሪ ቢሆንም አሳዳሪ ነው።

ለልጆቹ በጣም የከበዳቸው ልጆችም መሥራታቸው ነው። ቤልጅየም ከ12 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች እንዳይሠሩ በሕግ የከለከለችው በ1889 ነው። ከዚያ በፊት እንደ እነሱ ያሉ ልጆች ጠዋት በጨለማ ወርደው ማታ በጨለማ ይወጡ ነበር፤ ሴቶችም ጉድጓድ ይወርዱ ነበር። የልጅ ልጄ፣ “እኔ ብሆን ሦስት ዓመት ይቀረኝ ነበር” አለ። “ከሕጉ በፊት ከሆነ ምንም አይቀርህም ነበር” አለችው እናቱ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤልጅየማውያን ጉድጓድ መውረድ ጠሉ። በ1946 ጣሊያንና ቤልጅየም ተዋዋሉ፤ ጣሊያን 50 ሺህ ሠራተኛ ልትልክ፣ ቤልጅየም በምላሹ ከሰል ልትሸጥላት። በጣሊያን መንደሮች ሮዝ ቀለም ያላቸው ማስታወቂያዎች ተለጠፉ፤ ደመወዙን፣ ፈቃዱን፣ ጡረታውን ይዘረዝራሉ። ወጣቶቹ ሲደርሱ ብዙዎቹ የተሰጣቸው መኖሪያ በጦርነቱ ጊዜ ምርኮኞች የነበሩበት የቆርቆሮ ሰፈር ነው። ልጁን በደላላ ወሬ ወደ ሩቅ አገር የሸኘ ወላጅ ይህን ታሪክ ሲሰማ ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልገውም። በ1956 ነሐሴ 8 ቀን ከዚህ ብዙም በማይርቀው በማርሲኔል፣ ቡዋ ዱ ካዚየ በሚባለው ጉድጓድ ውስጥ እሳት ተነስቶ 262 ሰዎች ሞቱ። 136ቱ ጣሊያናውያን ነበሩ። ያ ስፍራና ቡዋ ዱ ሉክ ከሌሎች ሁለት የከሰል ቦታዎች ጋር በ2012 በዩኔስኮ አብረው ተመዝግበዋል።

አቧራው

እኔን ግን ከእሳቱ ይልቅ የያዘኝ አቧራው ነው። እሳት በአንድ ቀን ይገድላል፤ ጋዜጣም ይጽፈዋል። አቧራ በሃያና በሠላሳ ዓመት ይገድላል፤ ማንም አያየውም። ድንጋይ ሲበሳ የሚነሳው ደቃቅ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ጠባሳ ይሠራል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል። ጠባሳው አይድንም፤ ሰውየው ሥራ ካቆመ በኋላ እንኳ ሊብስ ይችላል፤ ለሳንባ ነቀርሳም ያጋልጣል። መጀመሪያ ዳገት ያደክመዋል፤ ቀጥሎ ደረጃ፤ በመጨረሻ ጫማ ማሰር።

ቤልጅየም ይህን ያህል ከሰል ቆፍራ ሲሊኮሲስን የሥራ በሽታ ነው ብላ ለቆፋሪዎቿ ያወቀችው በ1964 ነው። ጎረቤቶቿ ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድመው ተቀብለውት ነበር። እስከዚያ ድረስ ቆፋሪ ሲያስል “ሲጋራ ነው፣ ብርድ ነው” ማለት ይቻል ነበር።

ይህን ሳነብ እግሬ አልሄድ አለኝ። “ብርድ ነው” ያልኩት እኔም ነኛ።

አባቴ ጥጥ በሚበጠርበት ክፍል ይሠሩ ነበር። ማታ ሲመለሱ ቅንድባቸው ላይ ባዘቶ ተጣብቆ እናቴ ስታራግፍላቸው ትዝ ይለኛል። እሑድን ደህና ውለው ሰኞ ማታ ደረታቸውን ይዘው ይገባሉ። “ሰኞ ትከብደኛለች” ይሉ ነበር። እኛ ሥራ መጥላት መስሎን እንስቅ ነበር። ነርስ ሆኜ ከተመረቅሁ በኋላም ሳሉ ሲጠናባቸው ሽሮፕ እያመጣሁ፣ ጋቢ እንዲደርቡ እየመከርኩ ኖርኩ።

ከሞቱ ከዓመታት በኋላ በአንድ የሙያ ማሻሻያ ሥልጠና ላይ ስለ ቢሲኖሲስ ተማርን። በጥጥ፣ በተልባና በመሳሰሉት ጭረት አቧራ የሚመጣ የሳንባ በሽታ ነው። መለያው ምልክት ከእረፍት በኋላ ባለው በመጀመሪያው የሥራ ቀን ደረት መጨምጨምና ትንፋሽ ማጠር ነው። ሰኞ። አሠልጣኙ መናገሩን ቀጠለ፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም። በጊዜው ቢታወቅ ኖሮ ከዚያ ክፍል ወደ ሌላ ማዛወር፣ አቧራውን መቀነስ ይቻል ነበር። በሽታው በጊዜ ከተያዘ አቧራው ሲቀር ይሻላል፤ ከቆየ ግን ጉዳቱ አይመለስም።

ከ300 ዓመት በፊት የኖረው ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ፣ ሐኪም በሽተኛን ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ላይ አንድ እንዲጨምር መክሮ ነበር፤ ሥራህ ምንድን ነው የሚል። እኔ በሥራ ዘመኔ ስንቱን ሰው ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደበላ፣ ስንት ቀን እንዳመመው ጠይቄ መዝግቤያለሁ። የሥራውን ቦታ በካርድ ላይ “ሠራተኛ” ብዬ አልፌዋለሁ። ሠራተኛ! እንደ ልጅ ልጄ “ምን?” ብዬ ብጠይቅ ኖሮ።

ከ1973 በኋላ ቡዋ ዱ ሉክን አፍርሶ መርሳት ይቻል ነበር፤ ብዙ የከሰል ቦታ እንዲያ ሆኗል። እዚህ ግን ቤቶቹ ታደሱ፤ ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል፤ መስኮቶቹ መጋረጃና አበባ አላቸው። በ1983 ደግሞ ቦታው ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። በዚህ የተነሳ የከሰል ቆፋሪ የልጅ ልጅ “አያቴ ምን ነበር የሚሠራው?” ሲል የሚወሰድበት ቦታ አለው። አያቱ ራሳቸው ባይኖሩም።

ለመሄድ ለምታስቡ

በቤልጅየም ወይም በአቅራቢያዋ ልጆች ያሏችሁ፣ ለጥየቃ ስትሄዱ አንድ ቀን ለላ ሉቪየር ስጡ። ከብራስልስ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው። ኬራሚስ ከመሐል ከተማ በእግር ይደረሳል። ወደ አሳንሰሮቹና ወደ ቡዋ ዱ ሉክ ለመሄድ ግን አውቶቡስ ወይም መኪና ያስፈልጋል። በአሮጌው ቦይ ላይ ጎብኚ የሚያሳፍሩ ጀልባዎች የሚሠሩት በሞቃቱ ወራት ስለሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ልጆቻችሁ ጊዜውን ያረጋግጡላችሁ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው የቦዩን ዳር መንገድ አይፍራ፤ ደልዳላ ነው፣ ዛፍም አለው። የቡዋ ዱ ሉክ ጉብኝት ግን በእግር የሚኬድበት ስለሆነ ጥሩ ጫማ አድርጉ፤ ቡናችሁን ቀድማችሁ ጠጡ። ስለ አደጋውና ስለ ሕፃናት ሥራ የሚነገረው ለትንንሾች ሊከብድ ስለሚችል እጃቸውን ይዛችሁ፣ እየጠየቁ እንዲሰሙ አድርጉ።

መሄድ የማትችሉም ወረቀቱን በቤታችሁ መሙላት ትችላላችሁ። አባትና እናት በሕይወት ካሉ ቡና ሲፈላ ጠይቋቸው። ሥራ ገብታችሁ መጀመሪያ የምትነኩት ዕቃ ምን ነበር? ምን ይሸታል? ምን ይጮሃል? ስትወጡ ሰውነታችሁ የት ቦታ ያማችሁ ነበር? የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሏት፤ መልሱን ለሐኪማቸው ብትነግሩ ይጠቅማል። እናንተም አያት ከሆናችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ “ትንሽ ሥራ ነበር” ብላችሁ አትለፉት።

ልጁ ወረቀቱን እሑድ ማታ ሞላ። እኔ እየነገርኩት በፈረንሳይኛ ጻፈ፤ እናቱ መልሳ በአማርኛ አነበበችልኝ። ቅድመ አያቱ ጥጥ ያበጥሩ እንደነበር፣ ጥጡ ክር እንዲሆን መጀመሪያ መበጠር እንዳለበት፣ ክፍሉ እንደ ጉም ነጭ እንደነበር፣ ሰኞ ሰኞ ደረታቸውን ያማቸው እንደነበር ጽፏል። ከታች ደግሞ ቅንድቡ ነጭ የሆነ ሰው ሥሏል። እናቴ የምታራግፈውን ባዘቶ ነግሬው ነበርና።